የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የኳስ ሜዳ ታሪክ

ከወሎ ሰፈር ተነሥቶ በቦሌ መንገድ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወጣ ሰው አደባባዩን ሲደርስ በስተግራው ስታዲየሙን ያያል። በዚህ ሜዳ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ በቃና ዘገሊላ ማግሥት፥ ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ተቀበለች። ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በዕለተ ዐውደ ዓመት ጅማ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በርሊን ከተማ ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸ ባለ ዜማና ባለ ግጥም ናቸው። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ወደ ኳስ ማዘንበሉ ያስደንቃል፤ ስሙስ ቢሆን ለቅኔ የተመቸ አይደለምን?

የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ይድነቃቸው ገና በብላቴንነታቸው ወደዚህ ማኅበር ገብተው ሃያ ዓመት አልፎ እስኪሄድ ድረስ ተጫወቱለት። በወረራው ጊዜ የማኅበሩ ስም በግድ ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ፤ የአገሩም ልጆች ከኢጣልያኖች ተለይተው ለብቻቸው ይጫወቱ ነበር። ሰውን በቆዳው ቀለም ለይቶ ማጫወት ምን እንደ ሆነ ይድነቃቸው የተማሩት በወሬ ሳይሆን በገዛ እግራቸው ነው። ከነጻነት በኋላም ለሀገር ቡድን ተሰለፉ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲቋቋም አባሎቹ ግብጽ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ግን ቡድኔ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ይሆናል እንጂ ተቀላቅሎ አይመጣም አለች። አራት እግር ካለው ወንበር አንዱን መንቀል የሚያሰጋ ነገር ነው፤ ቢሆንም ሦስቱ እንቢ ብለው ደቡብ አፍሪካን ከውድድሩ አስወጡ። የእርሷ ተጋጣሚ ኢትዮጵያ ስለ ነበረች ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ጽድቅና ጎል አንድ አይደሉምና።

የ1954ቱ ዋንጫ በተገኘ ጊዜ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። አባቱ ኢጣልያዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። በወረራው ዘመን ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ ከየትኛው ወገን ሊሰለፍ ኖሯል?

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የካርቱሙንም ነገር አልተዉትም። በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ደቡብ አፍሪካን አባረረ። እርሳቸው በሹመታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፥ በደብረ ታቦር በዓል፥ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጩንና ጥቁሩን በአንድ ማልያ አሰልፋ የተመለሰችው ከዚህ አምስት ዓመት ያህል ቆይታ በ1984 ዓ.ም. ነው።