የዐውደ ዓመት ጌጥና አፈ ታሪኩ

መስከረም 1 ቀን ሲነጋ እንቁጣጣሽን የሚያከብር ቤት ጌጡ የታወቀ ነው። ወለሉ በለምለም ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ አደይ አበባ በእቅፍ እየታሰረ ይገባል፤ በዋዜማው የነደደው የችቦ ዐመድ ገና ከደጅ አልተጠረገም። ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ የሣሉትን መልአክና አበባ ይዘው፣ ልጃገረዶችም አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ከልጆቹ አንዱ ይህ ሁሉ ስለ ምን እንደሚደረግ ቢጠይቅ አያቱ መልስ አያጡም፤ ለእያንዳንዱ ጌጥ የሚነግሩት ታሪክ አላቸው። እኛም ለመመርመር የምንፈልገው ይህንኑ የአያት መልስ ነው፤ ይኸውም ከመጽሐፉ ቃል ጋራ የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ ለማየት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የበዓሉ ስም ነው። ንግሥተ ሳባ ንጉሥ ሰሎሞንን ጎብኝታ ከኢየሩሳሌም በተመለሰች ጊዜ መኳንንቷ «ዕንቁ ለጣትሽ» እያሉ ግምጃ ቤቷን በዕንቁ ሞሉላት፤ ቃሉም በሰው አፍ እየተለወጠ እንቁጣጣሽ ሆነ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ስለ ሆነ ብዙ መምህራን እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርገው ለተማሪዎቻቸው ይነግሩታል። ነገር ግን የንግሥቲቱን ጉዞ ከሁሉ አስፍቶ የሚተርክልን ክብረ ነገሥት ነው፤ በግዕዝ የተዘጋጀውም በ14ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የጣት ጌጥ ነገር በእርግጥ አለ፤ ሰሎሞን ለሚወለደው ልጅ ምልክት ይሆን ዘንድ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ ለማክዳ ይሰጣታል። እንግዲህ የአያት ተረት ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ቀለበቱ ግን የንጉሡ ስጦታ እንጂ የመኳንንቱ እጅ መንሻ አይደለም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ዕንቁ ለጣትሽ» የሚለው የቃል ጨዋታ የሚያምረው በአማርኛ ብቻ ነው። በግዕዝ «ለአጽባዕትኪ» ቢባል ከእንቁጣጣሽ ጋራ የሚያገናኘው አንዳች ድምፅ የለም። ንጉሥ ሰሎሞን የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን፣ በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ቀደምት የሚባሉት ለነገሥታት የተገጠሙት የውዳሴ ግጥሞች ከ14ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ትርጓሜው ስለ ንግሥቲቱ ዘመን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ምስክርነቱ አማርኛ እየተናገሩ የኖሩት አባቶችና እናቶች የዘመን መለወጫቸውን ከንግሥቲቱ ስም ጋራ ለማስተሳሰር የነበራቸውን ምኞት ነው። ይህም ራሱ ታሪክ ነው። መምህሩ ታሪኩን ከመንገር መከልከል የለበትም፤ «እንዲህ ሆነ» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ይባላል» ቢል ግን ተማሪው ከተረቱም ሳይጎድል ማመዛዘንን ይማራል።

የቄጤማው ነገር ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው። የጥፋት ውሃ በጎደለ ጊዜ ኖኅ የላካት ርግብ ቄጤማ በአፏ ይዛ ተመለሰች ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በቤተ ክርስቲያንም ሥርዓት በቅዳም ሥዑር ቀን ካህናቱ ቄጤማ ለምእመናን ያድላሉ፤ ምእመናኑም በራሳቸው ዙሪያ ያስሩታል፤ ምሳሌነቱም የውሃውን መጉደል ያበሠረችው ርግብ እንደ ሆነች ይነገራል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ቁጥር 11 የምናነበው ግን የወይራ ቅጠል ነው። ወይራ በአገራችን የማይታወቅ ዛፍ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ በሚያውቀው ተክል ለወጠው ባልን ነበር። ነገር ግን ወይራ በደጋው ሞልቷል፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠነው በእርሱ ነው። ታዲያ ቄጤማ ስለ ምን ተመረጠ? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የሚበቅልበት ስፍራ ነው። ወይራ የተራራ ዛፍ ነው፤ ቄጤማ ግን የሚገኘው በወንዝ ዳርና በረግረግ፣ ውሃው ሸሽቶ ምድሩ ገና ሳይደርቅ በሚታይበት ቦታ ነው። ውሃው ጎደለ ለማለት ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚሆን ተክል የለም። በክረምቱ ጭቃ የሰነበተ ወለልም እንደዚህ ያለ ንጹሕና መዓዛው ደስ የሚያሰኝ ጉዝጓዝ ያስፈልገዋል፤ ባልትናውና ምሥጢሩ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የውሃው ነገር ከተነሣ ዘንድ ስለ ዘመን መለወጫው ወርም አንድ ቃል እንጨምር። የዘመን አቆጣጠራችን ከእስክንድርያው ጋራ አንድ መሠረት አለው፤ የግብፅ ክርስቲያኖችም ዓመታቸውን የሚጀምሩት በዚሁ ቀን ነው። በግብፅ ግን ወቅቱ የዓባይ ሙላት ወራት ነበረ፤ ገበሬው የሚደሰተው ውሃው ስለ መጣለት ነው። በእኛ ዘንድ ደስታው ዝናሙ ስለ ሄደ ነው። ግብፅን ያጥለቀልቅ የነበረው ሙላት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት የወረደው ዝናም ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀን የሚከበሩት ሁለቱ በዓላት አንዱን ውሃ ሲሸኙና ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። አደይ አበባም የሚፈነዳው በዚሁ ጊዜ ነው። ትግርኛ ተናጋሪው ገልገለ መስቀል፣ ኦሮሞው ኬሎ ይለዋል፤ ስሙ ቢለያይም የሚነግራቸው ወቅት አንድ ነው።

ስለ ችቦው በአጭሩ እንለፍ። ችቦ የአንድ በዓል ብቻ አይደለም፤ በቡሄም፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማም፣ በመስቀልም ይበራል፤ በየበዓሉም የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። በቡሄ፣ በደብረ ታቦር ብርሃን በታየ ጊዜ እረኞች ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው ስለ ቆዩ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተውና ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው ይባላል፤ በወንጌሉ እረኞቹ አልተጠቀሱም። በመስቀል ደግሞ የንግሥት ዕሌኒ ደመራና የጢሱ ነገር ይተረካል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ሲበዛ፣ ድርጊቱ ከምክንያቶቹ ይልቅ የቆየ ሳይሆን እንደማይቀር መጠርጠር ይቻላል። የመስቀል በዓል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ መግባቱ ይታወቃል።

ከሌላ አገር የመጣ ጌጥም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። በከተማ በገና ጊዜ ጥድ ተተክሎ ጥጥ ሲበተንበት እናያለን። ጥጡ የበረዶ ምሳሌ ነው፤ ልማዱም የጀርመን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1848 የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ ሰብ በዛፉ ዙሪያ ቆሞ የሚታይበት ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ልማዱ በእንግሊዝ እጅግ ተስፋፋ። በረዶ አይቶ የማያውቅ ልጅ በጥጡ መደሰቱ አያስነቅፍም፤ ለርሱም አያቶቹ አንድ ቀን ታሪክ ያወጡለት ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ ሥዕል ነው። ቄጤማው ከገበያ አልጠፋም፤ ችቦውም ይነዳል። ልጁ በገዛ እጁ የሚሥለው፣ ዓይነ ትልልቁና ክንፈ ሰፊው መልአክ ግን ከማተሚያ ቤት በሚወጣ ካርድ እየተተካ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በግድግዳና በብራና ላይ ስለሚኖር አጥኚ አያጣም፤ የልጁ ወረቀት ግን ለጎረቤት ተሰጥቶ ሳንቲም ከተገኘበት በኋላ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ በጢስ ጠቁሮ ይቀዳል። በዚህ ምክንያት በብዙ ሺህ እጅ የተሣለ ነገር ሳለ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው እንዴት እንደ ተለወጠ፣ የጎጃሙ ከሸዋው በምን እንደሚለይ ለማወዳደር አስቸጋሪ ነው። ይህን ለማረም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየመስከረሙ ከተማሪዎቹ እጅ የተሣሉ አሥር ወረቀቶች ቢሰበስብ፣ በጀርባቸውም የልጁ ዕድሜ፣ የስፍራው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡ፣ ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም፤ በሃያ ዓመትም ሁለት መቶ ሥዕል ይሆናል።