ገለባና እንክርዳድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት» የሚለውን አነጋገር በስብከት፣ በስብሰባና በማኅበራዊ መገናኛ ሳትሰሙ አትቀሩም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሠራተኛ ሲመርጡም ሆነ እውነቱን ከወሬ ሲያጣሩ «ስንዴውን ከገለባው መለየት» ይላሉ። አነጋገሩ እ.ኤ.አ. በ1611 እንደ ታተመው የንጉሥ ያዕቆብ ትርጉም ካሉ መጻሕፍት ቅዱሳት የወረሱት ቢሆንም፣ ዛሬ ወንጌሉን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ሁለቱ አባባሎች አንድ ይምሰሉ እንጂ የተገኙት ከተለያዩ የወንጌል ክፍሎች ነው፤ ልዩነታቸውን ደግሞ በልግና መኸር ስንዴ የሚታጨድበት የባሌ ደጋ በሚገባ ያስረዳል።

ገለባው የመጥምቁ ዮሐንስ ምሳሌ ነው (ማቴ. 3፥12)። መጥምቁ ጌታችንን መንሽ ይዞ አውድማውን በሚያጠራ ገበሬ መሰለው። ዛሬ በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ በሲናና ማሳዎች ኮምባይነሩ በአንድ ጊዜ እያጨደ፣ እየወቃና እያበጠረ ስለሚያልፍ ከእናንተ መካከል መንሽ ጨብጦ የማያውቅ ይበዛል። በቀድሞው ልማድ ነዶው በአውድማ ተበትኖ በሬዎች ያበራዩታል፤ ከዚያም በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየተወረወረ ለነፋስ ይሰጣል። ፍሬው ከባድ ነውና በቦታው ይወድቃል፤ ገለባው ይርቃል። ልብ በሉ፤ ገለባ ባዕድ ተክል አይደለም። ከዚያው ከስንዴው ዘር በቅሎ፣ ፍሬውን አቅፎ የቆየ ነው። መጥምቁ ቃሉን የተናገረው «አብርሃም አባታችን ነው» እያሉ ለሚመኩ ሰዎች መሆኑን ስናስተውል ምሳሌው ይበራልናል፤ ከአንድ ሥር መብቀል ብቻውን ወደ ጎተራ አያስገባም።

እንክርዳድ ግን ሌላ ነው (ማቴ. 13፥24-30)። በግእዝ ክርዳድ ይባላል። ቡቃያው ከስንዴ አይለይም፤ የሚታወቀው ሲያሸት ነው። ከዱቄት ጋር ሲፈጭ ራስ እንደሚያዞር ስንዴ የምትለቅም እናት ሁሉ ታውቃለች። ጠላት በሌሊት መጥቶ ዘራው የሚለው ነገርም በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ533 በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ዘመን በታወጀው የሮማውያን የሕግ ስብስብ ውስጥ፣ በሰው አዝመራ ላይ እንክርዳድ ወይም ሲናር የበተነ ሰው እንደሚከሰስ የሚናገር የቀደሙ የሕግ ሊቃውንት ቃል ይገኛል። (ሲናር የባሌ ስንዴ ገበሬ የዘወትር ባላንጣ ስለሆነ ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ።)

የባሌ ገበሬ አረም ሲያይ ይነቅላል፤ በምሳሌው ያሉት አገልጋዮችም ያሰቡት ይህንኑ ነበር። የእርሻው ጌታ ግን ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል እስከ መከር እንዲቆዩ አዘዛቸው። ጌታችን ራሱ ሲተረጉምልን እርሻው ዓለም፣ አጫጆቹም መላእክት ናቸው። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፌስቡክና በቴሌግራም፣ አብሮት የዘመረውን ወንድሙን በአንድ የተቆረጠ ቪዲዮ ምክንያት «እንክርዳድ» ብሎ የሚጠራ ወጣት እየበዛ መጥቷል። የሃይማኖት ሕጸጽ ቢገኝ የሚመረምሩ አባቶች አሉ። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ከአጫጆቹ መካከል አልተቆጠርንም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ክፍል ሲተረጉም መናፍቃንን መገሠጽና አፋቸውን መዝጋት እንዳልተከለከለ፣ የተከለከለው እነርሱን መግደል እንደ ሆነ ያስረዳል። ከዚህም ጋር ከእንክርዳዱ መካከል ብዙዎች ተለውጠው ስንዴ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስተምራል። ከአራቱ ወንጌላውያን ይህን ምሳሌ የጻፈልን ማቴዎስ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመጠራቱ በፊት በመቅረጫው የተቀመጠ ቀራጭ ነበረ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።