ይከፈት ወይስ ይቆይ? ጥቅምት 2013 በኮሶዬ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርሱ ኮሶዬን ታገኛላችሁ። መንገደኛው ወርዶ ገደሉን ፎቶ ያነሣል፣ ጭላዳ ያያል፣ ይሄዳል። እኔ ግን ኮሶዬን የማስታውሰው በአንድ ክርክር ነው። ያኔ እዚያው አካባቢ አስተምር ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ቀረ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ። ለከተማው ይሁን፤ እኛ ዘንድ ግን መብራት የሌለው ቤት ይበዛል። ልጆቹ ከብት ጥበቃ ወረዱ።

ክረምቱ ሲወጣ ትምህርት ሚኒስቴር መርሃ ግብር አወጣ፦ የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቅምት 9፣ የዞንና የክልል ከተሞች ጥቅምት 16፣ አዲስ አበባ ጥቅምት 30 ቀን 2013። ገጠሩ ቀደመ። «መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው እንዴ?» ተባባልን በመምህራን ክፍል። በርግጥ በሽታው የበዛው ከተማ ውስጥ ስለነበር ቅደም ተከተሉ ምክንያት ነበረው።

እኔ «ይቆይ» ባይ ነበርኩ። ፍርሃቴም የውሸት አልነበረም፤ ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል፣ አራት ልጅ በአንድ ዴስክ፣ ውሃው በጀሪካን። መካከላችን ስኳር ያለባቸው፣ ለጡረታ የተቃረቡ አንጋፋ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ከማንም በላይ ሊፈሩ የሚገባቸው እሳቸው «ይከፈት» ይሉ ነበር። «እኔ ብታመም እታከማለሁ፤ ልጅቷ ከተዳረች በኋላ ማን ይመልሳታል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ግን አልተስማማሁም።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በቺካጎ መምህራን ጥር 2013 ላይ «ክፍል አንገባም» ብለው ከከተማዋ ጋር ተፋጠጡ፤ የተስማሙት በየካቲት ነው። ኡጋንዳ ደግሞ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ጥር 2014 ላይ ነው።

ወደ ኋላ ብንሄድስ? በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሲያጠቃ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጥነው ያንን ዘመን እያሰብን ነው። ያኔ ግን በዚህ ደጋ የቄስ ትምህርት ካልሆነ በቀር የሚዘጋ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ይከፈት አይከፈት ብሎ የሚከራከርም የለም። እኛ የተጣላነው የሚጎድል ነገር ስለነበረን ነው።

ምዝገባ ሲጀመር ተማሪ ፍለጋ በየቤቱ ዞርን። የሰባተኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪዬ ቤት ደረስኩ። እናቷ ጠላ ቀድተው አስቀመጡኝና፣ «መምህር፣ እናንተ ደመወዛችሁ አልቀረ፤ የቀረው የእኛ ልጅ ነው» አሉኝ። ልጅቷ በግንቦት ተድራለች። እውነት ለመናገር፣ ጠላውን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት።

ጥቅምት ላይ በጭንብል ገባን። በአንድ ክፍል ከ25 ልጅ እንዳይበልጥ ስለተባለ ግማሹ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ግማሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። በመምህርነት ዘመኔ የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስንት ዓመት «ክፍሉ ይነስ፣ ውሃ ይግባ» ስንል ሰሚ ያጣነው ነገር ለካ የሚቻል ነበር! ፍርሃቱ ሲበርድ ስልሳው ተመለሰ፤ ጀሪካኑም ደረቀ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ የደባርቅ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ።

ዛሬ ሳስበው፣ በክርክሩ የጠየቅነው «መግባት ያሰጋል ወይ?» ብለን ነው። የምንገባበት ክፍል ቀድሞውንም ለምን ስልሳ ልጅ እንደያዘ አልጠየቅንም፤ በዝግ ወራቱ ልጆቹን ማን ሄዶ እንደሚያያቸውም አልተነጋገርንም። እኔ ቤት መቀመጤን ጥንቃቄ ብዬዋለሁ፤ ለራሴ ጥንቃቄ ነበር። ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በሚያዝያ አንድ ቀን እንኳ ብሄድ ኖሮ እላለሁ።

የዚያ ዓመት ስም መጥሪያዬ ላይ ስሟን አልሰረዝኩትም። ጋሼ አይተው ዝም አሉኝ።