መሰረዝና መጠበቅ፦ የሶፍትዌር ኮንቴይነሮችን የማስወገድ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት አጭር ትእዛዝ ነው። በተርሚናል ላይ «ዶከር አርኤም» ተብላ ትጻፋለች፤ የኮንቴይነሩ ስም ይከተላል፤ ኮንቴይነሩም ይወገዳል። ለአፍታ ሥራ ታሪክ መተረክ ምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። በእኔ እምነት ግን የዚህች ትእዛዝ ታሪክ፣ በማሽን ውስጥ የሚጣለውን ከሚጠበቀው ለመለየት የተደረገ የሃምሳ ዓመት ጥረት ታሪክ ነው።

«አርኤም» የሚለው ስም በዕድሜ ዶከርን እጅግ ይበልጣል። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ ለሠሩት ለዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1971 በተዘጋጀው የመጀመሪያ መመሪያ ውስጥ ተመዝግቦ እናገኘዋለን። የትእዛዙ ተግባር የፋይሉን ስም ከማውጫው ላይ መፋቅ ነበር። ያው ፋይል በሌላ ስምም ተመዝግቦ ከሆነ ይዘቱ ይቆያል፤ የሚጠፋው የመጨረሻው ስም ሲፋቅ ነው። በቋንቋችን «መሰረዝ» እና «ማጥፋት» የተለያዩ እንደሆኑ ሁሉ፣ በዩኒክስም ስምን መፋቅና ይዘትን ማጥፋት ሁለት ጉዳዮች ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አንድን ፕሮግራም ከጎረቤቶቹ ለይቶ ማኖር ነው። በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የመጣው «ሲኤችሩት» አንድ ፕሮግራም የተወሰነለትን ማውጫ ብቻ እንደ ሙሉ ዓለም እንዲያይ አደረገ። በ2000 ፍሪቢኤስዲ «ጄይል» የተባለ ጠንካራ አጥር ጨመረ። በጉግል ፖል ሜናጅና ሮሂት ሴት በ2006 የጀመሩት፣ ለፕሮግራሞች ቡድን የሚደርሰውን የማሽን አቅም የሚመጥነው «ሲግሩፕ» ደግሞ በ2008 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። በመጀመሪያው የጄይል ዘመን በውስጡ የሚሠራው የመጨረሻ ፕሮግራም ሲቆም አጥሩ ይፈርስ ነበር። ፋይሎቹ ግን አስተዳዳሪው በእጁ እስኪሰርዛቸው ድረስ በዲስኩ ላይ ይቀራሉ። ማቆምና ማስወገድ ገና የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ።

ሰሎሞን ሃይክስ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ ዶከርን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ኮንቴይነር የሚነሣው ኢሜጅ ከሚባል፣ ከማይለወጡ ንብርብሮች ከተሠራ መሠረት ነው። በላዩ ላይ የሚጻፍበት አንድ ስስ ንብርብር ይታከላል። «ዶከር አርኤም» የሚያስወግደው ይህንኑ ስስ ንብርብር ነው፤ ኢሜጁ አይነካም። ስለዚህ ኮንቴይነርን ማንሣትም መጣልም ርካሽ ሆነ።

አደጋውም ከዚሁ ርካሽነት ተወለደ። የሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ ወይም የሬጅስትራር የተማሪዎች ውጤት በዚያ ስስ ንብርብር ላይ ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ከኮንቴይነሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በከተማችን መንገድ ዳር የኮንቴይነር ሱቅ ሲነሣ፣ ክሬኑ ከመድረሱ በፊት ባለሱቁ ዕቃውን ያወጣል፤ ለሶፍትዌሩም ሕጉ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ጥንቃቄ ቀስ በቀስ ወደ መሣሪያው የገባበት ነው። በኖቬምበር 2015 በወጣው በ1.9 እትም ቮልዩም የራሱን ትእዛዝ አገኘ፤ ስም የተሰጠው ቮልዩም ኮንቴይነሩ ቢወገድም በቦታው ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቆሙ ኮንቴይነሮች ዲስኩን ሲሞሉ፣ ባለሙያዎች የሁሉንም መለያ የሚዘረዝር ትእዛዝ ከሚያስወግደው ጋር አያይዘው ይጽፉ ነበር። በጃንዋሪ 2017 የ1.13 እትም «ፕሩን» የተባለውን ትእዛዝ አመጣ፤ ይህም የቆሙትን ከማስወገዱ በፊት «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ ይጠይቃል። መላውን ሥርዓት የሚያጸዳው ፕሩን መጀመሪያ ላይ ማንም የማይጠቀምባቸውን ቮልዩሞችም ይጠርግ ነበር፤ በዚያው ዓመት በግልጽ ካልታዘዘ እንዳይነካቸው ተደረገ። በ2023 የ23ኛው እትም ቮልዩሞችን የሚጠርገው ፕሩን ራሱ ስም ያላቸውን እንዲያልፍ ደነገገ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዶከር አርኤም» በሥራ ላይ ያለን ኮንቴይነር አላስወግድም ይላል። በግድ ሲታዘዝ ግን ፕሮግራሙን ያለማስጠንቀቂያ ይገድለዋል። «ዶከር ስቶፕ» በአንጻሩ በተለመደው አሠራሩ 10 ሰኮንድ ይሰጠዋል። በእነዚያ ሰኮንዶች የመረጃ ቋት በእጁ ያለውን ጽፎ ይጨርሳል። ግዳጁን በልማድ የሚጠቀም ሰው ይህን ዕድል ይነፍገዋል።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምለው ይህ ነው። ትእዛዙን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ኮንቴይነር ውስጥ ሌላ ቦታ የሌለ ምን ተጽፏል? የማንስ ነው? ያለፉት ሃምሳ ዓመታት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ከስሕተት ይከልሉናል፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልስ የላቸውም። መዝገቡ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው ነውና።