የመኪና ባትሪ መድከም

የመኪና ባትሪ መድከም ባትሪው ሞተር ለማስነሳት የሚበቃ ኃይል መያዝ ሲያቅተው የሚፈጠር ብልሽት ነው። አብዛኛው የመኪና ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዓይነት ሲሆን በ6 ክፍሎቹ 12 ቮልት ገደማ ይሰጣል።

ምልክቶች

ሞተሪኖው በዝግታ ይዞራል፤ መብራት ይደበዝዛል። በርካታ ኮምፒዩተሮች ባሉት ዘመናዊ መኪና የተለያዩ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ሊበሩ ይችላሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ ካልጨመረ ችግሩ የዲናሞው ሊሆን ስለሚችል ባትሪ መቀየር ብቻውን አይበቃም።

ማስነሳት

ገፍቶ ማስነሳት ለአብዛኞቹ ኦቶማቲክ መኪኖች አይሠራም። ስለዚህ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሺሺንዳ በኩል እንደሚያልፈው ባለ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ አሽከርካሪ የማስነሻ ኬብል መያዝ ይጠቅማል። ቀዩ ኬብል የሁለቱን ባትሪዎች ፖዘቲቭ (+) ጫፎች ያገናኛል። ጥቁሩ ከደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ (−) ጫፍ ተነሥቶ ባልተነሣው መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይያያዛል፤ ከባትሪ የሚወጣ ሃይድሮጅን በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። አብዛኞቹ ከዋናው ባትሪ ሌላ አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከደከመ ዋናው ሙሉ ቢሆንም መኪናው ላይነሣ ይችላል።