የግራው ወንበርና የደመወዙ ሚዛን፦ የኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ታሪክ ከጎጃም ሰማይ ሲታይ

የአንድን ባለሙያ ዋጋ የሚወስነው የሠራው ሥራ ብቻ አይደለም። ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ሥራውን ቢለቅ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል፣ እነዚህም ሁሉ በሚዛኑ ላይ ይቀመጣሉ። በኢትዮጵያ ይህን እንደ አውሮፕላን አብራሪነት አጉልቶ የሚያሳይ ሙያ ጥቂት ነው። ሁለት ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱን አውሮፕላን በአንድ ደመና ውስጥ እያሳለፉ፣ የሚተዳደሩበት የሥራ ውል ግን እንደ ዜግነታቸው ይለያይ ነበር። የግራው ወንበር የዋናው አብራሪ፣ የቀኙ የረዳቱ ነው። ኢትዮጵያዊው ከቀኙ ወደ ግራው እንዴት እንደ ተሻገረ፣ ከተሻገረስ በኋላ የደመወዙ ጥያቄ ለምን እንዳልተዘጋ መመርመር ስለ አገሪቱ የባለሙያ ጉልበት ብዙ ያስተምራል።

ነገሩን ከጎጃም ደጋ ላይ ሆኖ መመልከት ይበጃል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። በአየር ግን ርቀቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በታች በመሆኑ ዳኮታ እየተባለ የሚጠራው አውሮፕላን ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጅበት ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ የነበረችው ደብረ ማርቆስ በአየር መንገዱ የአገር ውስጥ መስመር ውስጥ የገባችውም ሸለቆው ስለሚያስቸግር ነው።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲያርፍ ያበረረው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ለአብራሪነት በቁ። ይህ አጋጣሚ ቀላል አይደለም። የአገሬው ሰው ሙያውን ለመልመድ የፈጀበት ጊዜ አጭር ነበር፤ ሙያውን በኃላፊነት እንዲይዝ እስኪፈቀድለት ድረስ ግን ሌላ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ።

በመካከሉ ጦርነት መጣ። የጎጃም ገበሬ አውሮፕላንን በቅርብ ያወቀው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ቦምብ ሲጥልና በአርበኞች ለተከበቡት የጠላት ምሽጎች ስንቅ ሲያቀብል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ከገቡ በኋላ የአገሪቱ አቪዬሽን እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን የቆመው ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ተመልሶ ወጣቶችን አሠለጠነ። ቀጥሎም በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉ ትምህርት ቤት ተደራጀ። ከአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ብዙዎቹ የበቀሉት ከዚህ ወታደራዊ ሥልጠና ነው።

የ1937ቱ ውል

ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋዋለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ-47 ዳኮታዎች ነበሩ። መንገደኞቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጭነቱ በመካከላቸው ይታሰር ነበር። ባለቤቱ ኢትዮጵያ ብትሆንም ሥራ አስኪያጁ፣ አብራሪውና መካኒኩ አሜሪካዊ ነበር።

እነዚህ አሜሪካውያን የመጡት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። የአገራቸው አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ1931 ማኅበር መሥርተው፣ በ1934 ደግሞ የወር በረራቸው ከ85 ሰዓት እንዳይበልጥና ደመወዛቸው በበረሩበት ሰዓትና ርቀት እንዲሰላ የሚያደርግ ውሳኔ አስገኝተው ነበር። ስለዚህ የውጭው አብራሪ አዲስ አበባ ሲደርስ ከኋላው የተደራጀ የሙያ ማኅበርና የታወቀ የገበያ ዋጋ ነበረው። ኢትዮጵያዊው ጀማሪ ግን ያለው መንግሥት የሰጠው ሥልጠና ብቻ ነበር፤ ሥልጠናው ደግሞ እንደ ሀብቱ ሳይሆን እንደ ዕዳው ይቆጠርበት ነበር።

የልዩነቱ መከራከሪያ በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ነው። የውጭ ዜጋው ቤቱን ትቶ መጥቷል፣ የልጆቹን ትምህርት ይከፍላል፣ እረፍቱን አገሩ ሄዶ ያሳልፋል፣ ባይከፈለው ወደ አገሩ ይመለሳል። የአገሩ ልጅ ግን በቤቱ ነው፣ ኑሮው ርካሽ ነው፣ ያስተማረውም መንግሥት ነው። መከራከሪያው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሚመዝነው የሠራተኛውን አማራጭ እንጂ የሥራውን ክብደት አይደለም።

የደጋው በረራ

የሥራው ክብደት ምን እንደ ነበረ የጎጃም መስመር በሚገባ ያስረዳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበትም የክንፉም የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ ለመነሣት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል፤ አለዚያም ጭነት ይቀነሳል። ከከተማይቱ በስተሰሜን ምሥራቅ ጮቄ 4,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። ዳኮታ ደግሞ የውስጥ አየሩ የማይመጠንለት አውሮፕላን ስለሆነ አብራሪው ከደመናው በላይ እንደ ልቡ ሊወጣ አይችልም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙና ጉሙ ሲደርብ፣ የአብራሪው ዋስትና ዐይኑና መሬቱን ማወቁ ነበር።

በሰዓት የሚሰላ ደመወዝም ለእንዲህ ያለ መስመር አይስማማም። በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ እየተነሣ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አብራሪ፣ አድካሚና አደገኛ የሆነውን የሥራ ክፍል ደጋግሞ ሲፈጽም ይውላል፤ በሰዓት መዝገቡ ላይ የሚጻፍለት ግን ጥቂት ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጠው ባልደረባው በአንድ መነሣትና በአንድ ማረፍ ብዙ ሰዓት ያስመዘግባል።

ቢሆንም ዳኮታ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ሆነ። ውሉ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲታደስ አየር መንገዱ ውሎ አድሮ በኢትዮጵያውያን ብቻ እንዲሠራ ግብ ተቀመጠ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዳኮታ የግራ ወንበር ተቀምጦ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆነ። በ1964 የአየር መንገዱ የራሱ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ፣ የቲ.ደብሊው.ኤ. ድርሻ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ወረደ። በ1975 የሠላሳ ዓመቱ ግንኙነት አበቃ። ከ1980 እስከ 1991 ድርጅቱን የመሩት ካፒቴን መሐመድ አሕመድም ራሳቸው አብራሪ ነበሩ።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገብቶበት ሁለቱም ሞተሮቹ ጉልበታቸውን አጡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም አልሆነም፤ አውሮፕላኑን በሆዱ ሜዳ ላይ አሳረፉት። ከ104ቱ ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። እንዲህ ባለች ደቂቃ ውስጥ ለሚፈለገው ችሎታ የአገር ውስጥና የውጭ ተብሎ የሚለይ ዋጋ ሊኖር አይችልም።

ከወንበሩ በኋላ

የውጭው ሰው ሲሄድ የደመወዙ ልዩነትም አብሮ ይሄዳል ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር። አልሄደም፤ መልኩን ለወጠ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር ኖረ። በ1985 ዓ.ም. ምንዛሬው 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲፈቀድ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። አውሮፕላኑም፣ ነዳጁም፣ መለዋወጫውም የሚገዛው በዶላር ነው። በብር የሚከፈለው አብራሪ ብቻ፣ ሥራው ሳይለወጥ፣ ዋጋው በምንዛሬው እየተመነዘረ አነሰ።

በዚሁ ጊዜ አማራጭ ተገኘለት። ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ኳታር አየር መንገድ በ1990ዎቹ፣ ኢትሃድ በ2003 ተነሥተው በፍጥነት ሲያድጉ፣ በአዲስ አበባ ሠልጥነው በደጋው የተፈተኑ አብራሪዎች ተፈላጊ ሆኑ። ብዙዎች ሄዱ። አየር መንገዱም ሠልጣኞቹን ለዓመታት በሚያስገድድ ውል ማሰር ቀጠለ፤ የጎደለውንም ቦታ ከውጭ በኮንትራት በመጡ አብራሪዎች ሞላ። በ1938 ዓ.ም. የነበረው ሥዕል ተገላብጦ ታየ። ኢትዮጵያዊው በዱባይ እንደ ውጭ ዜጋ ሲከፈለው፣ የውጭ ዜጋው በቦሌ እንደ እንግዳ ይከፈለው ጀመር። በ2003 ዓ.ም. ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ሴት ዋና አብራሪ ስትሆን ወንበሩ ለሁሉም እንደ ተከፈተ ታየ፤ የሚዛኑ ጉዳይ ግን ገና ነበር።

ጥያቄው ከአብራሪው ክፍል ውጭም ፈነዳ። ነሐሴ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ምክንያት ሥራ አቆሙ። መንግሥት ጡረተኞችንና የውጭ ተቆጣጣሪዎችን ጠርቶ አሠራ፤ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎችም ታሰሩ። ለአገሩ ባለሙያ የለም የተባለው ገንዘብ እርሱን ለመተካት መገኘቱ፣ ሠራተኛው ለብዙ ዘመን ሲናገረው የነበረውን ቃል አረጋገጠ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቁም ነገር ይወጣል። ኢትዮጵያዊነትን በወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ሥራ ነበር፤ አገሪቱም ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ፈጸመችው። ወንበሩን መያዝና የወንበሩን ዋጋ ማግኘት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንግሥት በሥልጠና ያወጣውን ገንዘብ በአገልግሎት ማስመለሱ ተገቢ ነው፤ ዕዳ ግን ልክና ማለቂያ ሊኖረው ይገባል። ማለቂያው ያልታወቀ ዕዳ ባለሙያን አገሩን እንዲያገለግል አያደርገውም፤ ቀኑን እየቆጠረ እንዲሄድ ያደርገዋል። በዓባይ ሸለቆ ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን የያዘውን ሰው ዜግነት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ችሎታውን ነው። ደመወዙም የሚሰፈረው በዚሁ መለኪያ ሲሆን የአገሩ ልጅ በአገሩ ሰማይ ላይ ይቆያል።