ሦስት ጀርባ፣ ሦስት ስምንት

ኑማ ጠጋ በሉ። ይኼን ታሪክ ሲሪንቃ ላይ የማያወራው የለም። ታዲያ አውሪው ሁሉ የየራሱን እየጨመረበት ስለሆነ፣ አብሬ ከተጓዝኩት ከእኔ ስሙት።

እህቴ ስለት ነበረባት። ሰባት ዓመት ልጅ እምቢ ሲላት ለቅዱስ ላሊበላ ተሳለች፦ «ልጅ ከሰጠኸኝ በጀርባዬ አዝዬ፣ ከቤቴ በእግሬ ተነሥቼ ደጅህን እስማለሁ።» ሰጣት። ልጅቱ ስምንት ወር ሲሞላት ታኅሣሥ ገባ፣ ማሽላው ታጨደ፣ የገና መንገደኛ መታየት ጀመረ። እህቴም አንቀልባ ትፈልግ ጀመር።

ባሏ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ደግ ሰው ነው፣ አይታማም። ግን ስድስት ሌሊት ውጭ እናድራለን ቢሉት ግማሽ መርካቶን ጭኖ መጣ። ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚሄደው አስፋልት ሲሪንቃን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ዕቃው ከአውቶቡስ ጣሪያ ሲወርድ መንደሩ በሙሉ ቆሞ ቆጠረው። የልጅ ጋሪ። ድንኳን። በፓምፕ የሚነፋ ፍራሽ። መታጠቢያ ሳፋ። ጡጦ መቀቀያ። ሁለት ትልልቅ ጥቅል ዳይፐር። አሻንጉሊቱን ተዉት፤ አንዱ ድብ ከልጅቱ ይበልጥ ነበር።

አያታችን እቴቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አየችው።

«ልጄ፣ ቤት ልትቀይር ነው?»

«አይ እማማ፣ ለልጅቱ እኮ ነው።»

«ለየትኛዋ ልጅ?» አለችው።

በማግስቱ እህል እንደምታስፈጭ ሰው ሁላችንንም ወደ ወፍጮ ቤት ነዳችን። መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ልጅቱን አስቀመጠቻት። ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰው ባለወፍጮ ሚዛኑን ገፋ መለስ አድርጎ «8 ኪሎ» አለ። ልጅቱ ብረቱ ላይ የቀረውን ዱቄት በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገችና መዳፏን ላሰችው። ቀጥሎ ዕቃው ወጣ። ባንድ ጊዜ አልሆነም፤ በሁለት ዙር ተመዝኖ 34 ኪሎ ሞላ፤ ስንቁ ገና ሳይቆጠር።

«እንግዲህ ስሙ» አለች እቴቴ። «ሦስት ጀርባ ናችሁ። እሷ 8 ኪሎ ትሸከማለች፣ እሱንም አውርዳ አታርፍም። እናንተም ስምንት ስምንት። ከዚያ በላይ ተጭናችሁ ዳገቱ ላይ እናንተው ብትንገዳገዱ እሷን ማን ይደግፋታል?»

ያን ምሽት የሆነውን ባታዩት ቀረባችሁ። እቴቴ ኩራዟን አጠገቧ አድርጋ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ አማቿ ዕቃውን አንድ በአንድ ያቀርባል። የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሌላስ ምን ይሠራል?»

ፍራሹ ቀረበ። «ይተኛበታል።» «ሌላስ?» ዝም። ወደ ጥግ። ጋሪው ቀረበ። «የድልብን ዳገት አታውቀውም እንጂ፣ እዚያ ጋሪው ነው አንተን የሚገፋህ።» ወደ ጥግ። ሳፋው ላይ ትንሽ ነቃ ብሎ «ዕቃ ይያዝበታል፣ ዝናብ ቢመጣ በራስ ላይ ይደፋል» አላት። ሳቀች፤ ግን ሳፋውም ጥግ ገባ። ጡጦ መቀቀያው ላይ ወደ እህቴ ደረት በአገጯ ጠቆመች፦ «ወጥ ቤቱ ያውና። እሳት አይፈልግ፣ እጥበት አይፈልግ።»

ዳይፐሩ ላይ ጠብ ሊነሣ ነበር። «እማማ፣ ይኼማ የግድ ነው!» «ይሁን፤ ከረጠበ በኋላ የት ልትጥሉት ነው? የተሳላሚ መንገድ ላይ?» መልስ አልነበረውም። እቴቴ ያረጀ ነጠላዋን አወጣችና 12 ሽንት ጨርቅ ቀደደችው። ታጥቦ ሸክም ላይ ይሰጣል፣ ሰው እየሄደ እሱ ይደርቃል።

አላፊው ይኼ ነው። ሁለት ጋቢ፤ ቀን ካፖርት፣ ማታ አልጋ። ነጠላ፤ ለልጅቱ ጥላ፣ ለውሃ ማጥለያ፣ ለወገብ መቀነት። አንዲት ጣሳ፤ ውሃ የሚፈላባት፣ የልጅቱ የምጥን ገንፎ የሚገነፋባት፣ በሶም የሚሰፈርባት። ሲባጎ፣ ቢላ፣ ክብሪት፣ ሳሙና። ጾሙ የነቢያት ነውና ቅቤ የገባበት ጭኮ አይታሰብም፤ ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ሆነ። መጨረሻ ላይ እቴቴ የእህቴን ነጠላ ጫፍ ስባ አንድ ነገር ቋጠረችበት። ብር መስሎኝ ነበር። ሁለት ከረጢት ሕይወት አድን ነው፤ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው አንዱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው። ጤና ኬላ ሄዳ ያመጣችው ማንም ሳያያት ነው።

ድንኳኑና የዝናብ ላስቲኩ ግን ጥግ ገቡ። «ታኅሣሥ ላይ ምን ዝናብ አለ? የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነው፤ ሰው ቤት ታድራላችሁ።» ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አማቻችን ከእቴቴ ጋር የታረቀው ያኔ በነገረን ወሬ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ኤማ ጌትዉድ የሚሏት የ67 ዓመት አሜሪካዊት፣ የ11 ልጆች እናት፣ አፓላቺያን የሚባለውን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የተራራ መንገድ ብቻዋን ተጉዛ ጨርሳዋለች። የእግሯ ጫማ ሸራ፣ ሻንጣዋ ራሷ የሰፋችው ከረጢት፣ በትከሻዋ ጣል አድርጋው ነው የሄደችው። «ጎበዝ! የማን ወገን ናት?» አለች እቴቴ። ለዝናብ የያዘችው የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ላስቲክ መሆኑን ግን እሱም ረስቶ ሳይነግረን ቀረ። ቢነግረን ኖሮ…

አንቀልባው ከጎረቤት መጣ። ሙስሊም ጎረቤታችን ስድስት ልጅ ያዘለችበት ነው፤ ቆዳው ለስልሶ፣ ዛጎሉ ግማሹ ረግፎ። ለዚያራ ወደ ዳና ስትወጣም በዚሁ ነበር የምታዝለው። የእህቴን ትከሻ በሁለት እጇ ለካችና ጠፍሩን በሁለት ጣት አሳጠረችው። «ልጅቱ ወገብሽ ላይ ከወረደች ከበደችሽ ማለት ነው፤ ወደ ላይ አድርጊያት» አለች። «አላህ ያድርሳችሁ፤ ለኔም ዱዓ አድርጉልኝ።» አዲሱ የሱቅ ማዘያ፣ ባለብዙ ዘለበቱ፣ ድቡ ጭን ላይ ቀረ።

ታኅሣሥ 21 ሌሊት ወጣን። እስከ ወልድያ ምኑ ይወራል፤ ሜዳ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ጨርቁ ሸክማችን ላይ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። አማቻችን «እቴቴ ልክ ናት» እያለ በየደቂቃው ያመሰግናል። ከድልብ በላይ ግን ምስጋናው ቀነሰ። ሲሪንቃ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱ ከ3,000 በላይ ያወጣል። ፀሐይ ስትገባ የሚነሣው ብርድ ሌላ ነው፤ አጥንት እየለየ ይገባል።

በሦስተኛው ማታ መንደር ሳንደርስ መሸብን። ዝናብ የለም የተባለው ታኅሣሥ ጉም አምጥቶ ያካፋ ጀመር። ላስቲኩ ሲሪንቃ ጥግ ላይ ተኝቷል! ቋጥኝ ሥር ተጠጋን፤ አንዱን ጋቢ ጣሪያ አድርገን በሲባጎ ወጠርነው፣ እሱም ጠጥቶ ያንጠባጥብ ገባ። እህቴ ልጅቱን ከጀርባዋ ወደ ሆዷ አዙራ ጎንበስ አለችባት። እንዲህ እንዳለን አንድ እረኛ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በጎቹን እየነዳ መጣ። አየን፤ ምንም አልጠየቀም። የደረበውን የሣር ገሳ አውልቆ እህቴ ላይ ጣለውና «ቤታችን ያቻት፣ ተከተሉኝ» ብሎ ራሱ በዝናብ ቀደመን።

እቴቴን እወዳታለሁ፣ ግን እዚህ ላይ ተሳስታለች። ለልጅ ሲሆን አንድ ላስቲክ ሌላ ሥራ ባይኖረውም ይያዛል። ክብደቱ ከአንድ ጣሳ በሶ አይበልጥም እኮ።

እረኛው ቤት ሌላ ጣጣ መጣ። 12ቱም ጨርቅ ረጥቧል። ደጋ ላይ ጨርቅ አይደርቅም፣ ውጭ ካደረ ጠዋት እንደ እንጨት ይቆማል። ምድጃው ዳር የቤቱ ልጆች ተደርድረው ተኝተዋል፤ ማን ቀስቅሶ ጨርቅ ያሰጣል? ያኔ አማቻችን ወደ ጨለማው ዞር አለና የጃኬቱን ገበር በጥርሱ ቀደደው። ሰባት ዳይፐር! እንደ ኮንትሮባንድ ሰፍቶበት ነው የመጣው። እህቴ እንዳትስቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ግን ያን ሌሊት ያደረገውን ደግሞ ልንገራችሁ። ጨርቆቹን አንድ በአንድ ጠመዘዘ፣ ሸሚዙን ገለጠ፣ አራቱን ወገቡ ላይ ጠመጠማቸውና ተኛ። በሆዱ ሙቀት ሊያደርቃቸው! ጥርሱ ሲንገጫገጭ እየሰማሁ አደርኩ። ጠዋት አራቱም ደርቀው ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳይፐሩን ለሌሊት፣ የሆዱን ጨርቅ ለቀን አድርገን ኩልመስክን አልፈን ወደ ላስታ ዘለቅን፤ የረጠበውን ዳይፐርም አንድ ሳይጥል በፌስታል ቋጥሮ ላሊበላ ድረስ ራሱ ተሸከመው።

ታኅሣሥ 27 ስንገባ የከተማው ሰው ውሃና ሳፋ ይዞ የተጓዥ እግር ያጥባል፤ ባህላቸው ነው። አንዲት እናት የእህቴን እግር አጥባ ስትጨርስ የልጅቱን ባዶ እግር ያዘች። «አንችስ ምን ተጓዝሽ?» እያለች እሱንም አጠበችው። እህቴ ያለቀሰችው እዚያ ነው፤ ደጁን ስትስም እንኳ አላለቀሰችም። የገና ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በእልልታ ሲያጅብ፣ ልጅቱ አንቀልባው ውስጥ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

መልሱን በመኪና መጣን፤ ስለቱ መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አይልም። አንቀልባው ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ሁለት ዛጎል ጎድሎት፣ እህቴ ሦስት ገዝታ አስተከለችበት። እቴቴ ሸክማችንን ራሷ ፈታች። ሁለቱን ሕይወት አድን ቋጠሮው ሳይፈታ አገኘቻቸው፤ ደስ አላት። ቀጥላ ጃኬቱን አነሣች፣ የተቀደደውን ገበር ዳበሰች፣ ከውስጡ አንድ የተረፈ ዳይፐር ጎትታ አወጣች። አማቻችን አቀረቀረ።

እቴቴ ዳይፐሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከክረምት ጀምሮ የሚያንጠባጥበው እንስራዋ ሥር ዘርግታው ተመለሰች።

«ይኸው» አለችው፤ «ለካ ሌላም ይሠራል።»